የባሌ ደጋ ገብስና የብስክሌተኛው ስንቅ

ስለ ብስክሌት ስፖርት መስፋፋት ሲነሳ ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው የብስክሌቱ ዋጋ ነው። የውድድር ብስክሌት፣ ጎማው፣ ሰንሰለቱና የራስ ቁሩ ሁሉም በውጭ ምንዛሪ የሚገቡ በመሆናቸው ስጋቱ ተገቢ ነው። ከወጪዎቹ መካከል ግን አንዱ በአገር ውስጥ፣ ያውም በባሌ ደጋ በብዛት ይመረታል። እርሱም ብስክሌቱን የሚያንቀሳቅሰው ሰው የሚመገበው ምግብ ነው። በሮቤ፣ በጎባና በዙሪያቸው ባሉ ወረዳዎች የጽናት ስፖርትን ለማጎልበት የሚያቅዱ አካላት በአብዛኛው ምግብን የሚያስቡት ለውድድር ቀናት እንደሚከፈል አበል እንጂ እንደ ስልጠናው አካል አይደለም። ይህ አመለካከት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል መመርመሩ ተገቢ ይሆናል።

የባሌ ዞን ዋና ከተማ ሮቤ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 500 ሜትር በሚጠጋ ሜዳ ላይ ትገኛለች። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘውና ቀድሞ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችው ጎባ ደግሞ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። ከጎባ ወደ ደቡብ የሚቀጥለው መንገድ ሽቅብ ወደ ሳነቴ አምባ ወጥቶ 4 ሺህ ሜትርን ካለፈ በኋላ የሐረና ደንን አቋርጦ ወደ ዶሎ መና ቆላ ይወርዳል። በኦሮሚያ ክልል ከፍተኛው የሆነው የቱሉ ዲምቱ ተራራ፣ 4 ሺህ 377 ሜትር ከፍታ ያለው፣ የሚገኘው በዚሁ አምባ ላይ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ደጋን፣ ውርጭንና ቆላን አከታትሎ የሚያቀርብ እንዲህ ያለ የልምምድ ስፍራ በአህጉሪቱ ብዙ አይገኝም።

ይህ መንገድ ከሰውነት ምን እንደሚጠይቅ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌተኛ 10 ኪሎ ግራም ብስክሌት ይዞ ከጎባ ወደ ሳነቴ ሲወጣ 70 ኪሎ ግራም ክብደትን ወደ 1 ሺህ 250 ሜትር ከፍ ያደርጋል። የሰው ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ከአራት አንድ እጅ ያነሰውን ብቻ ሲሆን የቀረው ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በመሆኑም ለዳገቱ ብቻ 900 ኪሎ ካሎሪ ያህል ይወጣል። በዚህ ሂሳብ ውስጥ የመንገዱ ሰበቃ፣ የአምባው ነፋስና ብርድ አልተካተቱም፤ የመልስ ጉዞውም እንዲሁ። ለማነጻጸር ያህል 900 ኪሎ ካሎሪ ማለት ከ200 ግራም የሚበልጥ ካርቦሃይድሬት የሚሰጠው ኃይል ነው።

የዚህ ስፖርት ታሪክ በአገራችን አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት የ1949 ዓ.ም የሜልቦርን ኦሊምፒክ ከሯጮቿ ጋር ብስክሌተኞችንም አሰልፋ ነበር። ገረመው ደንቦባ በጎዳናው ውድድር 24ኛ ሆኖ ሲፈጽም የኢትዮጵያ ቡድን በቡድን ውጤት 9ኛ ደረጃን አግኝቷል። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም ከማሸነፉ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሩጫው ሲመነደግ ብስክሌቱ በጥቂት አካባቢዎች ተወስኖ ቆየ። ከመቀሌ የተገኘው ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም ክረምት በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይሁንና ስፖርቱ በዋነኛነት የተደገፈው በትግራይ ላይ ስለነበር በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተካሄደው ጦርነት ክፉኛ ጎድቶታል። አንድ ስፖርት በአንድ አካባቢ ብቻ ሲቆም የሚደርስበትን አደጋ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም።

የጎረቤት ኤርትራ ተወላጅ ቢኒያም ግርማይ እ.ኤ.አ በ2024 በቱር ደ ፍራንስ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ተረክቧል። ያደገባት አስመራ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2 ሺህ 300 ሜትር ከፍታ ያላት ስትሆን ሮቤ ከዚያ ትበልጣለች። ከፍታ ብቻውን ብስክሌተኛ አያፈራም እንጂ ቢያፈራ ኖሮ ባሌ ገና ድሮ በተሞላች ነበር።

የምግብ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። በ1960ዎቹ ዓመታት የስዊድን ተመራማሪዎች ከጡንቻ ላይ በመርፌ ናሙና እየወሰዱ የሰውን የኃይል ክምችት መለካት ቻሉ። እ.ኤ.አ በ1967 ይፋ ባደረጉት ውጤት መሠረት ሰዎች በቆመ ብስክሌት ላይ በተመሳሳይ ጥረት እስኪደክሙ እንዲሠሩ ሲደረግ፣ ለጥቂት ቀናት ካርቦሃይድሬት ያነሰበት ምግብ የበሉት በአማካይ 57 ደቂቃ ቆዩ። የተለመደውን ድብልቅ ምግብ የበሉት 114 ደቂቃ፣ ካርቦሃይድሬት የበዛበትን የበሉት ደግሞ 167 ደቂቃ ዘለቁ። ሰዎቹ እነዚያው ናቸው፤ የተለወጠው ማዕዳቸው ብቻ ነው። የትኛውም የልምምድ ዘዴ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጽናትን በሦስት እጥፍ ሊያሳድግ አይችልም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰውነት ከምግብ ያገኘውን ስኳር ግላይኮጅን በሚባል መልክ በጡንቻና በጉበት ያጠራቅማል። የአንድ ቀጠን ያለ ስፖርተኛ ክምችት በጡንቻ ወደ 400 ግራም፣ በጉበት ወደ 100 ግራም ቢሆን በጠቅላላው 2 ሺህ ኪሎ ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ቅባት በሰውነት ውስጥ በብዛት ቢኖርም የሚነደው በዝግታ ሲሆን ነዶ ተመሳሳይ ኃይል ለመስጠት የሚፈልገው ኦክስጅንም የበለጠ ነው። ጥረቱ ሲበረታ፣ በተለይም አየሩ ሲሳሳ፣ ሰውነት ወደ ስኳሩ ያዘነብላል። በሳነቴ አምባ ላይ በአንድ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክስጅን በባህር ጠረፍ ከሚገኘው ወደ 60 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ዳገቱን በጥረት የወጣ ብስክሌተኛ ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ጎተራው ባዶ ሊሆን ይችላል። ጉልበት በድንገት ይከዳል፤ ራስ ይዞራል፤ እጅ ይንቀጠቀጣል። በሜዳ ላይ ቢሆን መቆም ይበቃል። በብርድ የደነዘዘ እጅ ይዞ ከአምባው ቁልቁል መውረድ በሚጠብቀው መንገድ ላይ ግን ነገሩ ከውጤት አልፎ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞች ከዚህ አደጋ የሚድኑት በመንገድ ላይ በመብላት ነው። የሆላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1988 የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎችን ተከታትለው በቀን በአማካይ ወደ 6 ሺህ ኪሎ ካሎሪ እንደሚያወጡና ያንኑ ያህል እንደሚመገቡ አረጋግጠዋል። ከዚያ ወዲህ ዕውቀቱ እጅግ ረቅቋል። አንጀት በአንድ ሰዓት ሊቀበለው የሚችለው ግሉኮስ 60 ግራም ያህል እንደሆነ፣ ፍሩክቶስ የተባለው የማርና የፍራፍሬ ስኳር ሲጨመርበት ግን በሌላ በር ስለሚገባ መጠኑ ወደ 90 ግራም ሊያድግ እንደሚችል ታወቀ። በአሁኑ ጊዜ ባለሙያ ብስክሌተኞች አንጀታቸውን አለማምደው በሰዓት 120 ግራም ድረስ ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ መስከረም 2025 በኪጋሊ፣ በአፍሪካ ምድር ለመጀመሪያ ጊዜ በተካሄደው የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና፣ የአዋቂ ወንዶች ውድድር ከስድስት ሰዓት በላይ የፈጀ ሲሆን የጨረሱት 30 ብቻ ነበሩ። እንዲህ ባለ ውድድር ማን ምን ያህል እንደበላና መቼ እንደበላ ከእግሩ ብርታት ባልተናነሰ ይወስናል።

የአውሮፓ ቡድኖች ይህን ሁሉ በፋብሪካ በተዘጋጀ ዝልግልግ ስኳርና ዱቄት ይፈጽሙታል። የባሌ ብስክሌተኛ ያንን መግዛት እንደማይችል ግልጽ ነው። መግዛትም የሚያስፈልገው አይመስልም።

ባሌ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል። በአካባቢው አጠራር ገና የሚባለው አዝመራ ከመጋቢት እስከ ሐምሌ፣ ቦና የሚባለው ደግሞ ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ይዘልቃል። ስንዴውና ገብሱ የአካባቢው መታወቂያ ሲሆኑ በሮቤ አቅራቢያ የሚገኘው የሲናና የግብርና ምርምር ማዕከል በእነዚሁ ሰብሎች ላይ ለረጅም ዓመታት ሲሠራ ቆይቷል። በገበሬው ዘንድ አሩሶ በሚል ስም የሚታወቀው ቶሎ ደራሽ ገብስ የደጋው ቤተሰብ ምግብ ነው። ከገብሱ በሶ፣ ቆሎ፣ ገንፎና ጭኮ ይሠራል። ከሐረና ደን ማር ይመጣል፤ ከዶሎ መና አቅጣጫ ቡና ይወጣል። ድንች በደጋው በብዛት ይበቅላል። የወተቱም ነገር ቢሆን ባሌ የከብት አገር ነው።

በሶ ከተቆላ ገብስ የሚዘጋጅ በመሆኑ ዳግመኛ እሳት አያስፈልገውም። ክብደቱ ቀላል ነው፤ አይበላሽም። ከ100 ግራም በሶ ውስጥ ወደ 70 ግራም የሚጠጋው ካርቦሃይድሬት ሲሆን 10 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ለመንገደኛና ለወታደር ስንቅ ሆኖ የኖረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከማር ጋር ተለውሶ በትንንሹ ሲጠቀለል የሚሰጠው ውጤት ደግሞ ከፋብሪካው ምርት ጋር የሚወዳደር ነው። 50 ግራም በሶና 20 ግራም ማር በድምሩ 50 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ይሰጣሉ። ማሩ ግሉኮስንና ፍሩክቶስን በአንድነት የያዘ በመሆኑ ሁለቱም በሮች ይከፈታሉ። ለዕድሜ ልክ ሲበላ የኖረ ምግብ ስለሆነም አንጀት አይቃወመውም።

ይህ ማለት ግን በሶ ለሁሉም ሰዓት ይሆናል ማለት አይደለም። ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር በብዛት ይዟል። ይህ አሰር ለልብና ለስኳር ሕሙማን የሚመከር ቢሆንም ምግብን በጨጓራ ውስጥ ያዘገያል። ስለዚህ የገብስ ምግብ በዋዜማው ማታና ከልምምድ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ጥሩ ሲሆን፣ ውድድሩ በሚግልበት ሰዓት ግን በማርና በስኳር ውሃ ቢተካ ይመረጣል። የጭኮም ጉዳይ እንዲሁ ነው። በቅቤ የተለወሰ በመሆኑ በትንሽ መጠን ብዙ ኃይል የሚሰጥ፣ ለረጅም የብርድ ጉዞና ለማታ ማገገሚያ ተስማሚ ምግብ ነው። በፍጥነት ለሚጋልብ ሰው ግን ይከብዳል። አያቶች በፈረስ ጉዞ የሚይዙት ስንቅና ልባቸው በደቂቃ 170 ጊዜ ለሚመታ ወጣቶች የሚሆነው ስንቅ አንድ አይደለም።

በመንገድ ላይ በሰዓት 60 ግራም ለማግኘት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማርና አንድ ሙዝ ይበቃሉ። ለመጠጥ የሚሆነውም ከዚህ አይከብድም። በአንድ ሊትር ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ 60 ግራም ስኳር፣ ማለትም አምስት ልክ የሾርባ ማንኪያ፣ ከሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው ጋር ሲበጠበጥ በገበያ ላይ በውድ ከሚሸጠው የስፖርተኞች መጠጥ ጋር ተቀራራቢ ይዘት ይኖረዋል። ሎሚ ቢጨመርበት ለጣዕም ነው።

ስለ ማገገሚያው ጥቂት ማለት ይገባል፤ በአካባቢው ሁኔታ ትልቁ ክፍተት የሚገኘው እዚህ ላይ ነውና። ከከባድ ልምምድ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡንቻ ስኳርን ከወትሮው በበለጠ ፍጥነት ያጠራቅማል። ባለሙያዎች በዚህ ሰዓት ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬትና በጠቅላላው 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን እንዲወሰድ ይመክራሉ። ግማሽ ሊትር ወተት ውስጥ 60 ግራም በሶ ሲበጠበጥ ለ60 ኪሎ ግራም ሰው የሚያስፈልገውን ሁለቱንም ያሟላል። በሐኪም የታዘዘ ያህል የሚገጥም ነው። ይሁን እንጂ በማለዳ ባዶ ሆዱን የተለማመደ ወጣት በዚያው ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ እስከ ቀትር ሳይበላ ከዋለ የጠዋቱ ድካም ግማሹ ከንቱ ይሆናል።

ኢትዮጵያውያን ስፖርተኞች በአገር ቤት ምግብ ለከፍተኛ ውጤት የሚያበቃ ኃይል ማግኘት እንደሚችሉ በጥናት ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ በ2011 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት 10 በከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚገኙ የረጅም ርቀት ሯጮችን ለሰባት ቀናት ተከታትሏል። ሯጮቹ በቀን ወደ 3 ሺህ 200 ኪሎ ካሎሪ የሚመገቡ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 64 በመቶ ያህሉ ከካርቦሃይድሬት የተገኘ ነው። ይህም ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም ክብደት 9 ነጥብ 7 ግራም ይደርሳል። ለዚህ ዓይነት ልምምድ ዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ከሚመክሩት መጠን ጋር የሚስማማ ነው። ከፕሮቲናቸው ሦስት አራተኛው የተገኘው ከእህልና ከጥራጥሬ ነበር። በአንጻሩ ያው ጥናት ሯጮቹ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ ወቅት ውሃ እንደማይጠጡ አመልክቷል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ሩጫ ይህ ልማድ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ለአምስት ሰዓት ብስክሌት፣ በደረቁ የሳነቴ አየር ትንፋሽ ራሱ ውሃ እየወሰደ፣ ልማዱ እንዳለ ሊወረስ አይገባም። ከሩጫ ወደ ብስክሌት የሚሻገሩ አሰልጣኞች ሊጠነቀቁለት የሚገባው ይህ ነው።

እንግዲህ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌተኛ ከባድ ልምምድ ባለበት ቀን ከ480 እስከ 600 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። ይህን ለማሟላት 200 ግራም በሶ፣ 300 ግራም የስንዴ ዳቦ፣ ግማሽ ኪሎ የተቀቀለ ድንችና ሦስት ማንኪያ ማር በልቶ ወደ 440 ግራም ይደርሳል፤ የቀረውን ከእንጀራው፣ ከወጡና ከወተቱ ያገኛል። አንድም ከውጭ የመጣ ነገር የለበትም። የምግቡ ብዛት ግን ትልቅ ቤተሰብ ካለው ቤት ማዕድ ላይ በየዕለቱ የሚገኝ አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ችግር ድምፅ የለውም። በሚያወጣው ኃይል ልክ የማይመገብ ወጣት ወዲያውኑ አይወድቅም። ሰውነቱ ቀስ በቀስ ከሌላው ሥራ ላይ ይቆጥባል። ልጃገረዶች የወር አበባቸው ይዛባል ወይም ይቋረጣል፤ አጥንት ይሳሳል፤ ኢንፌክሽን ይመላለሳል፤ ዕድገት ይጓተታል። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ በ2014 በስፖርት የሚከሰት አንጻራዊ የኃይል እጥረት የሚል ስያሜ ሰጥቶት በ2023 ማሻሻያ ያደረገበት ይህ ጉዳይ ከዳገት ብስክሌተኞች ጋር ልዩ ቁርኝት አለው። ዳገት ቀላል ሰውነትን ስለሚወድ አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ሆን ብለው ራሳቸውን ያስርባሉ። በሀብታም አገሮች ይህ የሚሆነው በምርጫ ነው። በእኛ አገር ከምርጫው ላይ የኑሮ ችግር ይደረብበታል። አሰልጣኙም ልጁ ሲቀጥን ወደ ብቃት እየመጣ ነው ብሎ ሊደሰት ይችላል። በየወሩ የሰልጣኞችን ክብደት መዝግቦ መያዝ ወጪው አንድ ሚዛን ብቻ ነው።

የብረት ማዕድን ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በደጋ የሚኖር ሰው ደም ኦክስጅንን አብዝቶ ለመሸከም ብረት ይፈልጋል። የብረት ክምችቱ ያነሰ ስፖርተኛ በከፍታ ላይ ቢኖርም ከከፍታው የሚጠቀመው ጥቂት ነው። እህልና ጥራጥሬ ብረት ቢኖራቸውም ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር አንጀት እንዳይቀበለው ያግዳል። ማቡካት፣ ማብቀልና ከቲማቲም ወይም ከሎሚ ጋር መመገብ ይረዳሉ። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ሻይና ቡና ግን ያባብሰዋል። በባሌ ቡናን ከማዕድ ማራቅ የሚሞከር ነገር ስላልሆነ አንድ ሰዓት ማዘግየቱ የተሻለ ምክር ይመስላል። ቡናው ራሱ ለብስክሌተኛው ጠላት አይደለም። በውስጡ ያለው ካፌይን ጽናትን እንደሚያሳድግ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ሲሆን ከተከለከሉ አበረታች ነገሮች ዝርዝር የወጣው እ.ኤ.አ በ2004 ነው። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአገራችን የተጓዘው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስም ኦሮሞዎች በረጅም ጉዞ በቅቤ የተለወሰ ቡና እንደሚሰንቁ ጽፎ ነበር። ከዘመናዊው የብስክሌተኛ ስንቅ ጋር ያለው ዝምድና ያስገርማል።

ጾም ሌላው በዕቅድ ውስጥ ሊገባ የሚገባው ነው። የአካባቢው ነዋሪ አብዛኛው ሙስሊም ሲሆን ኦርቶዶክሳውያንም ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። በረመዳን ወር ቀን ሙሉ ሳይበላና ሳይጠጣ የሚውል ወጣት ቀትር ላይ ረጅም ልምምድ እንዲያደርግ ማዘዝ ጉዳት ነው። ከባዱን ልምምድ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት ማስጠጋትና ከዚያ በኋላ መመገብ፣ በሱሁር ሰዓት የገብስ ገንፎ መብላትና ውሃ አብዝቶ መጠጣት፣ የወሩንም የልምምድ መጠን መቀነስ የተለመዱ መፍትሔዎች ናቸው። የእ.ኤ.አ 2012 የለንደን ኦሊምፒክ በረመዳን ወር ውስጥ ሲካሄድ በርካታ አገሮች ይህን አስልተው ነበር። ለክርስቲያን ጾመኞች ወተቱን በሽሮና በምስር መተካት ይቻላል። በ55 ቀናቱ ሁዳዴ ረፋዱን ሳይበሉ ለሚቆዩት ደግሞ ልምምዱን ወደ ከሰዓት በኋላ ማዛወሩ ይበጃል። ዓመታዊ የውድድር መርሐ ግብር የሚያወጡ ጽሕፈት ቤቶች የሁለቱንም ሃይማኖቶች የጾም ወቅቶች ከፊታቸው አድርገው ቢያቅዱ ወጪ የለበትም።

የፋብሪካ ዱቄቶችን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ሳይነሳ አይታለፍም። ከማይታወቅ ምንጭ የሚመጡ የኃይል ማበልጸጊያ ተብለው የሚሸጡ ምርቶች በዝርዝራቸው ላይ ያልተጻፉ የተከለከሉ ንጥረ ነገሮች ሊኖሩባቸው ይችላል። በፀረ አበረታች ቅመሞች ሕግ መሠረት በሰውነቱ ውስጥ ለሚገኘው ነገር ተጠያቂው ራሱ ስፖርተኛው ነው። አላወቅሁም ማለት አያድነውም። የኢትዮጵያ የፀረ አበረታች ቅመሞች ባለስልጣን በተቋቋመባት አገር የገጠር ወጣት በዚህ ምክንያት ቢቀጣ የሚያሳዝነው ከገበሬ ጎተራ የተሻለውን ትቶ በመግዛቱም ጭምር ነው።

ይህን ሁሉ ለመፈጸም የሚያስፈልጉ ተቋማት በአካባቢው አሉ። መደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ በሮቤ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ በጎባ ይገኛሉ። የሰልጣኞችን ደም በዓመት ሁለት ጊዜ መመርመርና የብረት ክምችታቸውን ማወቅ ከአቅማቸው በላይ አይሆንም። ሲናና ለቢራ ፋብሪካዎች ብቅልና ለገበያ ስንዴ ሲባል ወደ ጎን እየተገፋ ያለውን የምግብ ገብስ ዝርያዎች ከስፖርተኛ ማዕድ አንጻር ሊመረምራቸው ይችላል። የብቅል ገብስ ለገበሬው የተሻለ ገቢ ማስገኘቱ መልካም ነው። ይሁንና ለብቅል የሚመረጠው ገብስ ፕሮቲኑ ዝቅ ያለው ሲሆን ለምግብ የሚፈለገው ተቃራኒው ነው።

የበጀቱ ጉዳይ የመጨረሻው ነጥብ ነው። እንደ አሰላው የጥሩነሽ ዲባባ ማሰልጠኛ ባሉ ማዕከላት የሚኖሩ ሰልጣኞች ምግብና መኝታ ይሟላላቸዋል። በየወረዳው በፕሮጀክት የሚሰለጥኑት ታዳጊዎች ግን በአብዛኛው የሚመገቡት በወላጆቻቸው ማዕድ ነው። ለእነርሱ ሙሉ ምግብ ማቅረብ የማይቻል ቢሆን እንኳ የማገገሚያዋን አንድ ኩባያ ማቅረብ ይቻላል። 20 ሰልጣኞች በሳምንት አምስት ቀን፣ በዓመት 40 ሳምንት ቢለማመዱና ለእያንዳንዳቸው በየዕለቱ 60 ግራም በሶ በግማሽ ሊትር ወተት ቢሰጥ፣ ለዓመቱ የሚያስፈልገው 240 ኪሎ ግራም በሶና 2 ሺህ ሊትር ወተት ነው። በሶው ሁለት ኩንታል ተኩል አይሞላም። ገብሱ ሲሸከሸክ፣ ሲቆላና ሲፈጭ የሚቀንሰው ታስቦ ጥቂት ጨምሮ መግዛት ያስፈልጋል። የቦና አዝመራ ተሰብስቦ ገበያው በሚሞላባቸው የታኅሣሥና የጥር ወራት ገብስ ዋጋው ረከስ ይላል። ግዢው በእነዚህ ወራት እንዲፈጸም ደግሞ ወጪው ሐምሌ 1 ከሚጀምረው የበጀት ዓመት አስቀድሞ፣ ዕቅድ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ ከአበል ተለይቶ በስልጠና ግብዓት ሥር መያዝ ይኖርበታል።